በአንደኛው ዘፈን መሐል

ሰኞ፤ ለወረቀቱ ዘጠኝ ሳምንት

ዛሬ «የዘንድሮ አሥር ዘፈኖች» ሥራ ተጀመረ። ሠላሳ አንደኛው ወረቀት መሆኑ ነው። እሜቴ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ስታይ «ደግሞ መጣብን» አለች። «መጣልን በይ» አልኳት። ባለቤቴን እሜቴ የምላት ስትቆጣ እንድትስቅ ነው፤ አንዳንዴ ይሠራል።

ማተሚያ ቤት ሳለሁ ከመጽሐፍ ጠርዝ በሚቆረጠው ትርፍራፊ ላይ አትሜ ለጓደኞቼ ማደል የጀመርኩት ለቀልድ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ቀልዱ ግን ጡረታ አልወጣም። በየዓመቱ መጨረሻ አንድ ገጽ፣ ስልሳ ቅጂ። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል፤ ጎረቤታችን መምህሩ ማቀዝቀዣው በር ላይ። ዘፈኑ ዘንድሮ የወጣ መሆን አለበት። ሳልሰለች አሥር ጊዜ ካልሰማሁት አላስገባም። የዘመድና የወዳጅ ዘፈን ደግሞ ቢሞቱም አይገባም። በዚህ ሕግ ምክንያት የእሜቴ ወንድም ሁለት ዓመት አኩርፎኛል። ዘፈኑም እውነቱን ለመናገር የሚያስኮርፍ ነበር።

እስካሁን አራት ይዣለሁ። አምና በዚህ ጊዜ ሰባት ደርሼ ነበር። የዘንድሮ ዘፋኞች ምን እንደነካቸው አላውቅም፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው የሚዘፍኑት። ቀረጻውም ብርድ ልብስ ውስጥ የተሠራ ይመስላል።

ረቡዕ

ማንቆርቆሪያው ተቃጠለ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስለ አራተኛው ዘፈን ስጽፍ እሜቴ ልብስ ከምታሰጣበት ጓሮ እየሮጠች ገባች። ውኃው አልቆ ቂጡ ጠቁሯል።

«ሲያፏጭ አትሰማም እንዴ?»

«ሐሳብ ላይ ነበርኩ።»

«እኔ ጓሮ ሆኜ ሰማሁት እኮ!»

ሰው ሐሳብ ላይ ሲሆን አይሰማም። ይኼ በማንም ላይ የሚደርስ ነው።

ዓርብ

አምስተኛውን አገኘሁ፤ «የጠዋት አውቶቡስ»። አራት ጎረምሶች ናቸው፤ ሠራተኛ በጠዋት ተሰልፎ ሲጠብቅ የሚያስበውን ይዘፍናሉ። ቤዝ ጊታሩ ሞተር ነው፣ ደረት ውስጥ ይገባል። ዘንድሮ የመረጥኳቸውን ስደረድራቸው ሁሉም ወፍራም ቤዝና ከበሮ ያላቸው ናቸው፤ ዘፋኞቹም ጎርናና ወንዶች። ዘመኑ ወደዚያ አዘንብሎ ይሆናል።

የድምፅ ማጉያዬን ፈትቼ አየሁት። ጤነኛ ነው። አቧራውን ጠርጌ መልሼ ገጠምኩት።

እሑድ፤ ስምንት ሳምንት

ያ የወጣትነታችን ዘፋኝ አዲስ ሥራ አውጥቷል ብለው መምህሩ ነገሩኝ። በጉጉት ሰማሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ድምፁ አልቋል። የድሮውን ከፍታ ሊወጣ ይሞክርና መሐል ላይ ይጠፋል፤ ጨርሶ አይሰማም። አሳዘነኝ። በጊዜ ማቆም ክብር ነው፤ ደፍሮ የሚነግረው ሰው አጣ ይሆን? ቤቱስ ሚስት የለችውም?

መምህሩ ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው «እኔ ሬዲዮኔን ለእህቴ ሰጠሁት፤ ዜናውን ከእርስዎ ቤት እሰማለሁ» አሉኝ። ሳቅንበት። እሜቴ አልሳቀችም።

ቅዳሜ፤ ሰባት ሳምንት

ሚጢጢ መጣች። የልጅ ልጃችን ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ቁመቷም እኔን አልፏል፤ ስሟ ግን ሚጢጢ እንደሆነ ቀረ። በአንድ ባንድ ውስጥ ትጫወታለች፤ እናቷ ቤት መለማመድ ስለማይፈቀድላት ዋሽንቷን ይዛ እኛ ጓዳ ነው የምትለማመደው። ድሮ ቤቱን ታናውጠው ነበር። አሁን አሁን ዝግ አድርጋ ነው የምትነፋው መሰለኝ፣ ብዙም አይሰማኝም። ለጎረቤት አስባ ይሆናል።

ዛሬ ግን የመጣችው ለሌላ ነበር። ልጄ፣ ማለትም እናቷ፣ መዝገብ ቤት ሥራ አግኝታላታለች። መልሱን ዓመቱ ሳያልቅ ይፈልጉታል።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«እኔማ ከባንዱ ጋር መቀጠል ነው የምፈልገው። ግን አባባ፣ ጥሩ ልሁን መጥፎ በምን አውቃለሁ? የማውቀው ሰው ሁሉ ቆንጆ ነው ይለኛል። እማዬ ደግሞ ሁሉንም ጩኸት ነው የምትለው።»

«እኔን ጠይቂኝ።»

«አንተማ አያቴ ነህ» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ስልኬን ተቀብላ አንድ ዘፈን አስገባችበት። «መስኮቱን ተይው» ይላል ርዕሱ። የማን እንደሆነ አልነግርህም፣ ገና አልተሰራጨም፣ እንደ ማንኛውም ዘፈን ስማው፣ አለችኝ። ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ስትወጣ ሁለቴ ዞር ብላ አየችኝ።

ማክሰኞ

«መስኮቱን ተይው» ጉድ ነው! ሴት ናት የምትዘፍነው፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ከሆዷ የሚወጣ። ዛሬ ብቻ ስድስቴ ሰማሁት። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ልጅቷ ዝም ትላለች። ከበሮውና ቤዙ ብቻቸውን በቀስታ ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ። ምንም የለም። ከዚያ ተመልሳ ትገባለች። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ስደርስ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሩን ክፍት እንደተወው ዓይነት ነው።

እሜቴን ጠርቼ አሰማኋት። እሷም እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች። «አየሽ?» አልኳት። «አየሁ» አለች። ዓይኗ እርጥብ ነበር። አርባ ምናምን ዓመት አብረን ኖረን በአንድ ዘፈን እንዲህ ስንስማማ ይኼ ሁለተኛችን ነው።

ሐሙስ፤ ስድስት ሳምንት

ስድስት፣ ሰባት ተሟልቷል። ስምንተኛው ያጠራጥረኛል። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ አለች እሜቴ። እኔስ እንቅልፌን ለጥጬ ነው የተኛሁት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር።

ቅዳሜ፤ አምስት ሳምንት

ሚጢጢ ገና ሳትቀመጥ «ሰማኸው?» አለችኝ።

«ሰማሁት ብቻ! አንደኛ ነው።»

ፊቷ እንዴት እንደበራ! እኔ ደግሞ የመረጥኩትን ዘፈን ሰው ሲወድልኝ ልቤ ይሞላል፤ ወሬው ቀጠለ።

«መሐሉስ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«መሐሉ አይደል እንዴ የገደለኝ! ባዶነቱ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ጋ አንድ የሆነ ፉጨት ይወትፍበትና ያበላሸው ነበር።»

«ፉጨት?»

«ዘንድሮ እኮ ባዶ ቦታ ሲያዩ ይጨንቃቸዋል። ምንም ሲያጡ ዋሽንት ይነፉበታል። አንቺን አይደለም ደግሞ፣ በጠቅላላው ነው የማወራው።»

«ምንም ባይኖርበት ነው የሚሻለው ማለት ነው?»

«ያለ ምንም ጥርጥር።»

«እሺ አባባ» አለች። ሻዩን ሳትጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ራሷን እንዳመማት ተናግራ ሄደች፤ ጓዳ ገብታ እንኳ አልተለማመደችም። እሜቴ በመስኮት ስትከተላት ቆየችና ወደ እኔ ዞራ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሁለቱ የሆነ ነገር ይዘዋል። ሴቶች ሲመክሩ ወንድ ጣልቃ ባይገባ ይመረጣል።

ረቡዕ፤ አራት ሳምንት ተኩል

ምናልባት «አንቺን አይደለም» ማለቴ ነው የከፋት። ምላሴ አንዳንዴ ይቀድመኛል።

ሰኞ፤ አራት ሳምንት

ሚጢጢ ከመጣች ሳምንት አልፏታል። እሜቴ ጓዳውን ስትጠርግ «ቤቱ ጭር አለ፤ ዋሽንቱ ናፈቀኝ» አለች። እኔ ልጅቷ ናፈቀችኝ እንጂ የቤቱ ድምፅ ያው ነው።

ዓርብ፤ ሦስት ሳምንት

ልጄ ደወለች። ስልኩ ይቆራረጣል፣ እሜቴን ሰጠኋት። ሚጢጢ መዝገብ ቤቱን እሺ ብላለች። አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ሰኞ ትጀምራለች። «ራሷ ናት ያለችው፣ እኔ አልጎተጎትኳትም» ብላለች ልጄ፤ ደስ ያላት መሰለኝ።

«ባንዱስ?» አልኩ።

እሜቴ ስልኩን አስቀመጠችና «ትታዋለች» አለች። አጠገቤ መጥታ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ ደገመችው፤ «ዋሽንቱን ትታዋለች።»

ሰምቼሻለሁ አልኳት። ከምሳ በኋላ አንድም ዘፈን አልሰማሁም። ሲያሳዝን። ምን አስቸኮላት? ምክር ብትጠይቀኝ እኮ ቀጥዪ ነበር የምላት።

ማክሰኞ፤ ሁለት ሳምንት

አሥሩ ሞላ። ዘጠነኛው ደካማ ነው፣ ራሴንም አላታልልም፤ ሌላ የሚሰማ ስላጣሁ ነው። ድሮ ሃያ ነበር የማወዳድረው፤ ዘንድሮ አሥሩንም በልመና ነው ያገኘሁት። እሜቴ «ምናልባት አንተ ደክመህ ይሆናል» አለች። «እነሱ ናቸው የደከሙት» አልኳት።

የአንደኛው ጽሑፍ አራት ጊዜ ተሠርዞ እንዲህ ሆነ፦

«ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ያለው ባዶ ቦታ የዓመቱ ምርጥ ሙዚቃ ነው። እዚያ ጋ ምንም አለመጨመር ድፍረት ይጠይቃል። የሚነፋ፣ የሚያፏጭ ቢገባበት ዘፈኑ ያልቅለት ነበር። ይህን ያወቀ ሰው ይባረክ።»

ለእሜቴ አነበብኩላት። የሰጠችኝ መልስ «እንዲህ ብለህ ልታትመው ነው?» የሚል ብቻ ነበር። «ምን ይጎድለዋል?» አልኳት። ወደ ኩሽና ገባች። ዕቃ ስታጥብ ቆየች፤ የታጠበውን መልሳ ስታጥብ አየኋት።

ሐሙስ፤ አንድ ሳምንት

ማተሚያ ቤት ዋልኩ። አሁን ኃላፊው በእኔ እጅ የሠለጠነው ማርሽ ነው። ማርሽ ያልነው ማሽኑ ቢነድም እርምጃውን ስለማይቀይር ነው። አሁንም በጩኸቱ መሐል እንደ ድሮው በእጅ ነው የምንነጋገረው፤ ሠላሳ አራት ዓመት የተነጋገርኩበት ቋንቋ ስለሆነ ደስ ይለኛል። እዚያ ቤት ስሜ ጆሮ ነው። ማሽን ሲታመም የትኛው ብሎን እንደላላ ቆሜ በመስማት ብቻ እነግራቸው ነበር፤ ሲፈቱት ያልኩት ይሆናል።

አዲሱ ማሽን ሲጥ ሲጥ ይላል ብለው ወሰዱኝ። ማርሽ ለሠራተኞቹ «እዩት ብቻ» አለ። ጆሮዬን ሰጠሁት። ከበስተግራ የሚሽከረከረው ሮለር ነው አልኩ። ፈቱት፣ ዘይት ቀቡት፣ ገጠሙት። ሁሉም ተያዩ። «አሁን ተሻለው» አለ ማርሽ፤ አውራ ጣቱንም አሳየኝ። ስወጣ ዞር ስል በስተቀኝ ያለውን ሲፈቱ አየሁ። የድሮ ማሽን ነበር የሚናገረው። የዛሬውማ ፕላስቲክ ነው፣ ምን እንደሚል አይታወቅም።

ስልሳው ቅጂ ተቆጥሮ ቤት ገብቷል። ቀለሙ ያምራል።

እሑድ

ወረቀቱ ታደለ። የሚጢጢን በእናቷ በር ሥር አስገባሁት፤ ማንም አልነበረም።

ሐሙስ፤ ወረቀቱ በወጣ በአራተኛው ቀን

ፀጉሬን ልስተካከል ሄጄ ነበር። እዚያ ስለሆነው ነገ እጽፋለሁ።

ዓርብ

ዛሬም አልችልም።

ቅዳሜ ማታ

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ነበር። ወረቀቴ መስታወቱ ላይ አለ። አስተካካዩ ዘንድሮ አሥሩንም ዘፈን አሰባስቦ በራሱ ማጉያ እያሰማ ነው፤ «መስኮቱን ተይው»ም በዚህ ሳምንት ተሰራጭቷል። ስገባ «ጋሼ፣ ደረሱልን!» አለ። «ክርክር ላይ ነን። አንደኛ ያሉት ዘፈን ላይ ባዶው ቦታ የትኛው ጋ ነው? አጣነው።»

«ክፈተውና ላሳይህ» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ስለ ወረቀቴ ሲከራከር ደስ ይለኛል።

ከፈተው። ሁለተኛው አዝማች አለቀ። ልጅቷ ዝም አለች። ከበሮና ቤዝ። እጄን ከፍ አድርጌ «ይኸው! አሁን! ስሙት ይህን ዝምታ!» አልኩ።

አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ ቆመ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ፣ ፊቱ ግማሹ አረፋ ነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አሞጥሙጦ ከዘፈኑ ጋር እያፏጨ ነበር። ራሱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ወደ ታች ያወርዳል፤ ዜማ የሚከተል ሰው ነው። ወንበሩ ከእኔ አንድ ክንድ አይርቅም። የሚያፏጨውን አልሰማሁትም። አንዲትም ነገር። አየሁት ብቻ።

አስተካካዩ ክፉ ሰው አይደለም። «አዎ፣ አዎ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ እዚህ ጋ ነው» አለና ዘፈኑን ቀየረው። ያ ነው የገደለኝ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ተስተካክዬ፣ አመስግኜ፣ ጨዋታም ጨምሬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ እሜቴ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀጥ ብዬ ሄጄ «በዚያ ዘፈን መሐል ምን አለ?» አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። ፊቴን ስታየው ቆየችና «ዋሽንት» አለች።

ተቀመጥኩ።

«ትንሿ ዋሽንት፣ ቀጭኗ» አለች። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለች፤ መሐሉ ላይ ግን ብቻዋን ናት።»

የነፋው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አያስፈልግም ነበር። እሷ ግን ነገረችኝ። ሚጢጢ ዘመድ እንደማላስገባ ታውቃለች፤ ስለዚህ ስሟን ሳትናገር ሰጠችኝ። ሳላውቅ እንድፈርዳት ነው የፈለገችው። በዚህ ዓለም የማይዋሻት አንድ ሰው እኔ ነኝ ብላ ነው። «አባባ መሐሉን ከወደደው እቀጥላለሁ» ብላ ለአያቷ አስቀድማ ነግራታለች። እንዳትነግሪው ብላም አስምላታለች።

«እና አንተ ፉጨት አልካት» አለች እሜቴ። «አውቀሃት በአሽሙር የነገርካት ነው የመሰላት። ወረቀቱ ላይም ደገምከው።»

«አንቺስ? አንቺ አታውቂም ነበር?»

«መጀመሪያ ቀን ዓይንህ እንባ ሲያቀርር ዋሽንቱን ሰምተህ መስሎኝ ነበር። እሷን 'ምንም ባይኖርበት ይሻላል' ስትላት ግን ያኔ ገባኝ። ማንቆርቆሪያው፣ ዝናቡ፣ በሩ ሲንኳኳ… ሁሉም ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?»

«አንተ ያላወቅከውን ስለ አንተ ለእሷ እንዴት ልንገራት? ለአንተ ደግሞ እንዳልናገር ምያለሁ።»

ሽንኩርቱን ወስጄ መላጥ ጀመርኩ። ለዓይናችን ሰበብ ሆነን።

ሰኞ

እፍረት ብቻ አይደለም። ፈራሁም። ስንት ዘፈን አምልጦኛል? ሠላሳ አንድ ወረቀት አለኝ፤ ከየትኛው ጀምሮ ነው ውሸት የሆነው? «ድምፁ አልቋል» ስላልኩት ሽማግሌ ዘፋኝ መምህሩን ጠየቅኳቸው። «ኧረ! ያን ከፍታ እንዴት እንደሚወጣው ነው የገረመኝ» አሉ።

ማክሰኞ

ለሚጢጢ ደውዬ «ደግሜ ሰማሁት፣ ዋሽንቱ ግሩም ነው» ብላት ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር። ሕመሜን ማን ያውቃል? ስልኩን አንስቼ ሁሉ ነበር። እሜቴ ከበስተኋላዬ «'የትኛው ጋ ነው ግሩም?' ብላ ብትጠይቅህስ?» አለች።

ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ

ሐኪም ቤት። ወጣት ሐኪም ናት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ቁልፍ አስጨበጠችኝ፤ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እንድጫን። ብልጠቴ አይለቀኝም፤ ድምፁን ስትልክ ትከሻዋ ትንሽ ከፍ እንደሚል አየሁ፣ እሱን እያየሁ መጫን ጀመርኩ። ሳቀችና ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አየሁ።

ውጤቱ በመስመር ተሥሎ ወጣ። እስከ መሐል ድረስ ደህና ይሄድና ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። «ምን ነበር ሥራዎ አባቴ?» አለችኝ። ማተሚያ ቤት አልኳት። «ስንት ዓመት?» ሠላሳ አራት። ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋትም። የጆሮ መሣሪያ ለንግግር ይረዳኛል፤ በጣም ቀጭን የሆኑትን ድምፆች ግን ላይመልሳቸው ይችላል አለች። ማንቆርቆሪያ፣ ወፍ፣ ትንሿ ዋሽንት።

እሜቴ በመንገድ ላይ እጄን ይዛ ሄደች። የልጅ ልጄ ሥራ ልትጀምር አራት ቀን ቀርቷታል።

ዓርብ

ማተሚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። መጽሐፍ ታትሞ ከወጣ በኋላ ስህተት ሲገኝ አይደበቅም፤ የእርማት ወረቀት ይታተምና በየመጽሐፉ ውስጥ ይገባል። ደራሲዎቹ ይጠሉታል። እኔ ስንቱን ደራሲ «ይኼማ ክብር ነው» እያልኩ ያሳመንኩ ሰው ነኝ! ዛሬ ገባኝ እንዴት እንደሚያቃጥል።

ጠዋት ለማርሽ በእጅ የጻፍኩትን ሰጠሁት። አነበበው። ማሽኑን አስጠፍቶ፣ በጸጥታው ውስጥ፣ እንደገና አነበበው። «ጋሼ፣ ይኼ የግድ ነው?» አለ። አዎ አልኩት። «የበስተቀኙ ሮለር ነበር አይደል?» ብዬም ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ ራሱን ነቀነቀ። ስልሳ አተመልኝ፦

«እርማት። በዘንድሮው ወረቀት አንደኛ ባልኩት ዘፈን መሐል ባዶ ቦታ አለ ብዬ ነበር። ባዶ ቦታ የለም። እዚያ ጋ ዋሽንት አለ። አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ደክሟል፣ እኔም ላምን አልፈለግኩም። ዋሽንቱን የነፋችው የልጅ ልጄ ናት። በሕጋችን መሠረት ዘፈኑ ከዝርዝሩ መውጣት ነበረበት። አላወጣውም። ጆሮ።»

ፀጉር ቤቱ ገብቼ በእጄ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት፤ ሰው ሞልቶ ነበር። አስተካካዩ አነበበውና ወንበር አመጣልኝ። ፀጉሬ ገና ስምንት ቀኑ ነው አልኩት። «ይቀመጡ ብቻ» አለ። መምህሩ ደግሞ በር ላይ ቆመው ሲያነቡ ቆዩና «ሬዲዮውን አይቀንሱት» አሉኝ።

አንዱ ቀረ። ለነገ።

ቅዳሜ

ልጄ በሩን ከፈተችና «አባዬ፣ በዚህ ዝናብ!» አለች። ሚጢጢ ለሰኞ የምትለብሰውን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ቀና ብላ በወጉ ሰላም አለችኝ፤ እንደ እንግዳ። እርማቱን ሰጠኋት።

አነበበችው። ካውያውን አስቀመጠች። እንደገና አነበበችው።

«ጭራሽ አትሰማውም?»

«ጭራሽ።»

«እኔ ደግሞ…» አለች፤ አልጨረሰችውም። ልጅነቷ ፊቷ ላይ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ተነስታ ከቁምሳጥኑ ላይ ትልቁን ዋሽንት አወረደች፤ ወፍራም ድምፅ ያለውን። «ዝቅ አድርጌ ልሞክር» አለች። ወንበሬን ወደ እሷ ሳብኩ።

ሰማሁት። ዋሽንት ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም። ዜማው ሁለት እርምጃ ይወጣል፣ አንዱን ይመለሳል፣ ደረጃ ላይ የሚያመነታ ሰው ነው የሚመስለው። ያን ሁሉ ሳምንት ባዶ ብዬ ያለቀስኩለት ቦታ ውስጥ ይኼ ሁሉ ነበረ። ደስታም እፍረትም እኩል መጡብኝ፤ የትኛውን እንደማስቀድም ጠፋኝ።

ጨርሳ ዋሽንቱን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «እንዴት ነው?»

ልጄ በር ላይ ቆማ ታየናለች። «ቆንጆ ነው» ልል ነበር። ያንን ግን ሁሉም ብሏታል።

«መጀመሪያው ሰው ያስለቅሳል። መጨረሻው ላይ ግን ትቸኩያለሽ። ትንፋሽሽ እንዳያልቅ ፈርተሽ ቀድመሽ ትወጪያለሽ። እዚያ ጋ ጠብቂ።»

ዋሽንቱን አገላበጠችው። አበላሸሁት አልኩ በልቤ።

«አውቃለሁ» አለች። ዓይኗ ሞልቶ ፈሰሰ፤ እየሳቀች ነበር። «አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ። አንድ ሰው እንኳ ነግሮኝ አያውቅም።» ዋሽንቱን አንስታ መጨረሻውን ብቻ ደገመችው። ጠበቀች። ልጄ ካውያውን ከሶኬት ነቀለችው።

ሰኞ

ሚጢጢ መዝገብ ቤቱ አልሄደችም። ልጄ በሦስት ሰዓት ደውላ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጮኸችብኝ። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።